ስሙ ጠፋ ወይስ ስሙን አጠፉት?

በመቀሌ ከተማ አንድ ወጣት ትዳር አስቦ ሽማግሌ ሲልክ የልጅቱ ወላጆች ጎረቤቱንና የመስጊዱን ጀመዓ «ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ብለው ያጠያይቃሉ። የተጠየቀው ሰው ራሱን ነቅንቆ «ኧረ እሱስ ስሙ ጠፍቷል» ያለ እንደሆነ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፤ ልጁም ምን አጥፍቶ እንደተከለከለ ሳያውቅ ይቀራል።

ውድ አንባቢያን! እስቲ ይህን አነጋገር ቆም ብለን እንመልከተው። ገንዘብ ጠፋ ሲባል ባለቤቱ ጥሎት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ሰው ሰርቆትም ሊሆን ይችላል። ስምም እንደዚሁ ነው። ትግርኛውም «ስም ምጥፋእ» ሲል የሚነሣው ከዚሁ ሥር ነው። ቃሉ ስም መጥፋቱን ይነግረናል እንጂ ያጠፋው ማን እንደሆነ አይነግረንም። እኛ ግን ሁልጊዜ የምንፈርደው በባለ ስሙ ላይ ነው።

ከመቀሌ በስተሰሜን፣ ከውቅሮ አለፍ ብላ የምትገኘው ነጋሽ የምታስታውሰን ታሪክ ለዚህ ትምህርት ይሆነናል። ሰሐባዎች ከ615 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩ። መልክተኞቹ የስደተኞቹን ስም አጠፉ፤ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጧቸውም ለመኑ። ንጉሥ ነጃሺ ግን ባለጉዳዮቹን ሳይሰሙ እንደማይሰጡ ተናገሩ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆመው አስረዱ፤ ስጦታውም ለመልክተኞቹ ተመለሰ።

ታዲያ ለጋብቻ ስንጠየቅ ዝም እንበል? የለም፤ የሚማከር ሰው አማና ተሸክሟል። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ለጋብቻ ስለጠየቋት ሁለት ሰዎች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ባማከረቻቸው ጊዜ የአንዱን ድህነት፣ የሌላውንም በሴቶች ላይ ኃይለኝነት ነግረዋታል። የነገሯት የሚታወቀውን ነገር፣ ለጉዳይዋ የሚያስፈልጋትን ያህል ነው። «ስማቸው ጠፍቷል» የሚል ጥቅል ወሬ አልነበረም። አለዚያማ በሌለበት የምናነሳው ነውር እውነት ቢሆን ሐሜት፣ ውሸት ቢሆን ቡህታን መሆኑን አስተምረውናል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! «ስሙ ጠፍቷል» ሲሉን «ምን ሲያደርግ አየኸው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካለው እንመዝነው። ከሌለው ግን የጠፋ ዕቃ ወድቆ እንዳገኘ ሰው ስሙን ለባለቤቱ እንመልስለት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና።

ወላሁ አዕለም።