«ማን ሂጂ አላት?» - እንጀራን በባዕድ አገር ስለ መፈለግ



አንድ ሰው ከአገሩ ወጥቶ ክፉ ነገር ሲያገኘው ከሚሰሙት ድምፆች መካከል አንዱ ሁልጊዜ አይቀርም፤ «ማን ሂድ አለው?» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ጥያቄ ይምሰል እንጂ በእውነቱ ፍርድ ነው። ተናጋሪው መልስ አይጠብቅም። የደረሰው መከራ ተጓዡ ራሱ የመረጠው ስለ ሆነ እኛ ከደሙ ንጹሓን ነን ማለቱ ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ለእንጀራው ሲል በፈቃዱ ወደ ሩቅ አገር የሄደ ሰው የሚደርስበትን ሁሉ ብቻውን ሊሸከም ይገባዋልን?

ይህን ጥያቄ በአንዲት አሜሪካዊት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ታሪክ እንመርምረው። የእርሷን ታሪክ የመረጥነው የወጣችው ከድኻ አገር ሳይሆን ከባለጠጋ አገር ስለ ሆነና ይህም ጥያቄውን ስለሚያከብደው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሪትኒ ግራይነር በ1990 በቴክሳስ ግዛት በሂዩስተን ከተማ ተወለደች። ቁመቷ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያው ግዛት በሚገኘው በቤይለር ዩኒቨርሲቲ በነበረችበት ጊዜ ቡድኗ በ2012 በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን ያደረጋቸውን 40 ግጥሚያዎች በሙሉ አሸንፎ የአገሪቱ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዳያገኙ ደንቡ ይከለክል ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ2021 ነው። አዳራሹ በተመልካች ይሞላል፣ ቴሌቪዥንም ያስተላልፋል፤ ተጫዋቿ ግን ከትምህርትና ከኑሮ ወጪዋ በቀር የምትካፈለው አልነበረም።

በ2013 የኮሌጅ ጨዋታ ዘመኗን ስትፈጽም የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት ከሁሉ በፊት የፊኒክስ ክለብ መረጣት። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ዓመት ደመወዟ 50,000 ዶላር አይሞላም ነበር። የዓመቱ ውድድር እንዳበቃ ወደ ቻይና ሄደች፤ በዚያም ለአራት ወር ያህል ጨዋታ 600,000 ዶላር እንደ ተከፈላት በጊዜው ተዘግቧል። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ በሩሲያ ለየካተሪንበርግ ከተማ ክለብ መጫወት ጀመረች። በ2022 በአሜሪካ ሊግ ለአንዲት ተጫዋች የሚፈቀደው ከፍተኛ የዓመት ደመወዝ 230,000 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፤ በሩሲያ ግን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ታገኝ እንደ ነበር ተነግሯል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎች ያስታውሱታል። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2022 በሞስኮ ሸረሜትየቮ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዋ ሲፈተሽ ጥቂት የካናቢስ ዘይት ተገኘና ተያዘች። ከሳምንት በኋላ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። ግራይነር ጥፋቷን በፍርድ ቤት አመነች፤ በችኮላ ስታሰናዳ በሻንጣዋ የቀረ እንጂ ሕግን ለመጣስ አስባ ያደረገችው እንዳልሆነም ተናገረች። በኦገስት 4 ቀን የ9 ዓመት እስራት ተፈረደባት፤ ወደ ሞርዶቪያ የእስረኞች ሠፈር ተወስዳም ልብስ ስትሰፋ ቆየች። በዲሴምበር 8 ቀን 2022 ቪክቶር ቡት በተባለ በአሜሪካ ታስሮ በነበረ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ተለውጣ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ያን ጊዜ በአገሯ ሁለት ዓይነት ድምፅ ተሰማ። አንዱ «ለገንዘብ ብላ ሄደች፤ የዘራችውን አጨደች» አለ። ሌላው ደግሞ «አገሯ ተገቢውን ቢከፍላት ኖሮ ባልሄደች ነበር» አለ። እኛም ሁለቱን በየተራ ልንመዝን ይገባናል።

የፊተኛው ድምፅ የሚያነሣው መከራከሪያ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። 200,000 ዶላር የሚከፈለው ሰው ድኻ ነው ሊባል አይችልም። ልጆቿ ተርበውባት የተሰደደች እናትና በዕረፍቷ ጊዜ ተጨማሪ ሚሊዮን ፍለጋ የሄደች ስፖርተኛ አንድ አይደሉም። በተጨማሪም የአሜሪካ የሴቶች ሊግ ውድድሩን የጀመረው በ1997 በወንዶቹ ሊግ ድጋፍ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ትርፍ አላገኘሁም ሲል ኖሯል። ካልተገኘ ገቢ ደመወዝ አይከፈልም። ስለዚህ በወንዶችና በሴቶች ተጫዋቾች ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ግፍ ነው ብለን ልንደመድም አንችልም። ተጫዋቾቹ ራሳቸውም ቢሆኑ የጠየቁት የወንዶቹን ያህል ገንዘብ አልነበረም። የወንዶቹ ሊግ ተጫዋቾች በስምምነት ከሊጉ ገቢ ግማሽ ያህሉን ይካፈላሉ፤ ሴቶቹም ከሚያስገኙት ገቢ ተመጣጣኝ ድርሻ እንዲሰጣቸው ነበር የጠየቁት።

በሌላ በኩል ደግሞ ከፍ ያለ ክፍያ ሁሉ ፍትሐዊ ክፍያ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የየካተሪንበርጉ ክለብ ባለቤት አንድ ትልቅ የማዕድንና የብረታ ብረት ኩባንያ ነበር፤ ለተጫዋቾቹ የሚከፈለው ገንዘብም በዋናነት ከትኬት ሽያጭ ሳይሆን ከኩባንያው ካዝና የሚወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ገንዘብ ባለጠጋው እስከ ወደደ ድረስ ይሰጣል፤ ነፋሱ ሲዞር ግን ይቆማል። ጦርነቱ በተጀመረ ጊዜም የውጭ አገር ተጫዋቾች ክለቡን ትተው ወጡ፤ የሩሲያ ክለቦችም ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ። አበው ከአገሩ የወጣን ሰው በአህያና በፈረስ የመሰሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እስኪመለስ ድረስ የጫኑትን ይሸከማል፣ የለጎሙትንም ልጓም ይቀበላል። ያቺ ዝነኛ ሴት በአንድ ማለዳ ከተከበረ እንግዳነት ወደ መደራደሪያነት ስትለወጥ ዝናዋም ሆነ ገንዘቧ አላስጣላትም።

እንግዲህ ፍርዱ ወዴት ያዘነብላል? ወደ ዋናው ነጥብ የሚያደርሰን አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ ሊግ የሚጫወተው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ባለው ጊዜ ነው። የተቀሩትን ወራት ብዙዎቹ ዝነኞች በሩሲያ፣ በቱርክ፣ በቻይናና በሌሎችም አገሮች ያሳልፉ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሊጉ ከዓለም የላቁትን ተጫዋቾች በመጠነኛ ክፍያ ሊያቆያቸው የቻለው የጎደለውን ሌላ አገር ስለሚሞላላቸው ነበር። በሩቅ አገር የተገኘው ገንዘብ የአገር ቤቱንም ጨዋታ ደግፎ አቁሞት ነበር ማለት ነው። ክለቡ፣ ተመልካቹና ቴሌቪዥኑ ሁሉ ከዚያ እንጀራ ተካፍለዋል።

ዋጋው ግን ከተጫዋቾቹ አካል ላይ ይቆረጥ ነበር። በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆና የወጣችው ዳያና ቶራሲ ለዓመታት ያለ ዕረፍት በሁለት አገር ስትጫወት ከቆየች በኋላ በ2015 የሩሲያው ክለብ ገንዘብ ከፍሎ በአሜሪካ ሊግ እንዳትጫወትና እንድታርፍ አደረጋት። ለማረፍ የተከፈላት በአገሯ ለመጫወት ከሚከፈላት ይበልጥ ነበር። የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፍሬ የሆነችው ብሪያና ስቱዋርት ደግሞ በ2018 የአሜሪካ ሊግ ምርጥ ተጫዋች ከተባለች በኋላ፣ በኤፕሪል 2019 ለሌላ የሩሲያ ክለብ በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ስትጫወት የተረከዟ ጅማት ተበጠሰ፤ የዚያን ዓመት የአገር ቤት ውድድርም ሙሉ በሙሉ አመለጣት።

ከዚህ የምንረዳው ይህን ነው። ለሠራተኛው በቂ ዋጋ መክፈል ያልቻለ ሰው ሁልጊዜ በደለኛ ላይሆን ይችላል፤ አቅሙ አንሶት ይሆናልና። ነገር ግን ከሄደው ሰው ድካም ሲጠቀም ቆይቶ መከራው በመጣ ጊዜ «ማን ሂድ አለህ?» የማለት መብት የለውም። ከተጓዡ እንጀራ የተካፈለ ሁሉ ከተጓዡ መከራም ድርሻ አለው። ይህ ማለት ተጓዡ ከራሱ ጥፋት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በሰው አገር ያለ ሰው የዚያን አገር ሕግ ማወቅና ማክበር ይገባዋል፤ ግራይነርም ጥፋቷን አልካደችም። ዳሩ ግን የጥፋት ኀላፊነት አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ለመከራው ብቻውን መተው ሌላ ነገር ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በቅርጫት ኳስ ፈንታ በሰው ቤት ሥራ፣ በሚሊዮን ዶላር ፈንታ በጥቂት መቶ ዶላር ወደ ቤሩት፣ ወደ ጅዳና ወደ ኩዌት የሄዱ እኅቶቻችን አሉ። የግራይነር አገር ልዩ መልእክተኛ አቁሞ ተደራድሮላታል፤ ለእነርሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆምላቸው አይገኝም። እነርሱ በላኩት ገንዘብ ስንት ቤት ቆርቆሮ ለብሷል፣ ስንት ታናሽ ወንድም ተምሯል፣ ስንት በሽተኛ ታክሟል! አንዲቱ ታማ ወይም ተደብድባ ስትመለስ ግን በዚያው ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ «ማን ሂጂ አላት?» የሚል አይጠፋም። በ2013 መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ መሄድን ከለከለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻና በተከታዮቹ ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ተመለሱ። ክልከላው በ2018 እስኪነሣ ድረስ ጉዞው አልቆመም፤ ብዙዎች በበረሃና በባሕር በኩል ሄዱ እንጂ።

ስለዚህ በር መዝጋት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መቅረትን የሚቻል ማድረግ ግን መፍትሔ ይሆናል። የአሜሪካ ሊግ በ2020 በተደረገው ስምምነት ሁለቱንም ሞክሯል። በአንድ ወገን ከባሕር ማዶ ዘግይተው የሚመለሱ ተጫዋቾች ከ2023 ጀምሮ እንዲቀጡ ደነገገ፤ በሌላ ወገን ከፍተኛውን ደመወዝ ከ117,500 ዶላር ገደማ ወደ 215,000 ዶላር አሳደገ። በ2025 ደግሞ ስቱዋርትና ናፊሳ ኮሊየር የተባለችው ባልንጀራዋ ያቋቋሙት አዲስ ሊግ በማያሚ ጨዋታ ጀመረ። ተጫዋቾቹ በዕረፍት ወራት በአገራቸው እየተጫወቱ ከሊጉም የባለቤትነት ድርሻ እንዲኖራቸው የታሰበ ነው። ግራይነርም ከእስር ከተፈታች በኋላ ለአገሯ በኦሊምፒክ ካልሆነ በቀር ከእንግዲህ ወደ ውጭ ሄዳ እንደማትጫወት ተናግራ ነበር። በ2024 ወደ ፓሪስ የሄደችው በዚሁ ቃሏ መሠረት ነው፤ ቡድኗም ፈረንሳይን 67 ለ66 አሸንፎ ወርቁን ወሰደ።

እናንተ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ አንዲት ወጣት ቀርባ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብላ ስትጠይቃችሁ በአንድ ቃል ለመመለስ አትቸኩሉ። መሄድ በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ መቅረትም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ስለምትሄድበት አገር ሕግና ስለ ሥራው ውል እውነቱን ንገሯት። ከምትልከው ገንዘብ የሚጠቀመው ማን እንደ ሆነ፣ ብትታመም ወይም ብትታሰር የሚቆምላት ማን እንደ ሆነ ከቤተ ሰቧ ጋር ሆናችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኛም እያንዳንዳችን በየሰፈራችን ባዶ እጇን የተመለሰች እኅት ስናይ «ማን ሂጂ አላት?» ማለቱን ትተን «እንድትቀር ምን አድርገን ነበር?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ ያሳፍረን ይሆናል፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው ተጓዥ የሚረዳው ይህ ጥያቄ ነው።