ዜሮ የጎደላት መቶ

በአንበሳሜ ከተማ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ሁለቱም ብር ይወዳሉ፤ አወዳደዳቸው ግን ለየቅል ነው። ታላቅየው የሚመነዘረውን ይወዳል፤ መምህር የሆነው ታናሹ ደግሞ ከነጭራሹ የማይመነዘረውን።

የመምህሩ አመል ከአባቱ ጓዳ የወጣ ነው። አባትየው የጃንሆይን ብር በእንስራ አድርገው ቀብረው ኖሩ። ደርግ በጥቅምት 1969 አዲሱን ብር ሲያወጣ «ወሬ ነው» ብለው ዝም አሉ። እንስራው ተቆፍሮ ሲወጣ የመለወጫው ጊዜ አልፏል። ታላቁ ልጅ ያን ቀን «እኔ ገንዘብ የምይዝበትን ጊዜ አውቃለሁ» ብሎ ማለ። ታናሹ ከወረቀቶቹ አንዷን መዝዞ ደብተሩ መሀል ከተታት፤ ከዚያ ወዲያ መሰብሰቡን አልተወም።

የሚሰበስበው ግን የተገኘውን ሁሉ አይደለም። አዲስ ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች መጀመሪያ ያሳተሙትን፣ ከዚያም ውስጥ ናሙናውን ነው። አንድ ብሔራዊ ባንክ አዲስ ገንዘብ ሊያወጣ ሲል ገንዘብ ቆጣሪዎች ቀለሙንና ምስሉን አስቀድመው እንዲለዩ ናሙና ለባንኮች ይልካል። ናሙናው እንደ እውነተኛው ብር በዚያው ማተሚያ ቤት፣ በዚያው ወረቀት ላይ ይታተማል። ማንም እንዳይገበያይበት ግን በቀይ ቀለም «ስፔሲመን» የሚል ጽሑፍ ያርፍበታል፣ አንዳንዴም ይበሳል፤ መለያ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ በዜሮ ነው። የመምህሩ ሚስት አንዱን ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ «ጨው እንኳ የማይገዛ!» ብላ መልሳለታለች።

ሐምሌ 2 ቀን 2003 ደቡብ ሱዳን ነፃ ወጣች። ታላቅየው ጁባ ምግብ ቤት ሊከፍት ጓዙን ሲሸክፍ፣ «ምን ላምጣልህ?» አለው።

«ጋሼ፣ የአዲሱን ፓውንድ ናሙና ካገኙ እሱን ያምጡልኝ።»

«እኔ እውነተኛውን በሻንጣ ላመጣ፣ አንተ የውሸቱን ትለምነኛለህ?»

«የውሸት አይደለም። እንደማይገዛ ፊት ለፊት ጽፎ የሚነግር ነው።»

አዲሱ ፓውንድ እንግሊዝ አገር ታትሞ በአውሮፕላን ጁባ ገባ፤ ሐምሌ 11 ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ በሱዳን ፓውንድም አንድ ለአንድ ተለወጠ። ከአንድ ፓውንዱ እስከ መቶው የነፃነት ትግሉ መሪ የነበረው የጆን ጋራንግ ፊት አለበት። ታላቅየው ቃሉን አልበላም፤ ከአንድ ደላላ ላይ የመቶውን ናሙና ገዝቶ በመንገደኛ እጅ ላከለት።

ምግብ ቤቱ ደራ። ሰውየው ያገኘውን በዶላር እየለወጠ ቢልክ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተተረከ። እሱን ያጠፋው የሁለት ገበያ ፍቅር ነው። በባንክ አንድ ዶላር 2.96 ፓውንድ ነው ይባል ነበር፤ በባንክ ግን ዶላር አልነበረም። ውጪ ያለው ዋጋ ደግሞ የዚያ እጥፍ ድርብ ነበር። «አንድ የማውቀው ሰው በባንኩ ዋጋ ያወጣልኛል» ብሎ ፓውንዱን አጠራቀመ። ታኅሣሥ 2006 ጦርነት ሲነሳ ጎረቤቶቹ ያላቸውን በተገኘው ዋጋ ለውጠው ወጡ፤ እሱ «ትንሽ ልታገሥ» አለ። እንግዲህ አባቱ የቀበሩት በእንስራ ነበር፤ እሱ በሻንጣ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን 2008 ማዕከላዊ ባንኩ የያዘውን ዋጋ ለቀቀው፤ በአንድ ጊዜ ዶላሩ ወደ 18.5 ፓውንድ ወጣ፤ ከዚያም ሽቅብ መሄዱን ቀጠለ። የሚያውቀው ሰው ስልክ ማንሳት ተወ።

ሰውየው ሻንጣውን አንጠልጥሎ አንበሳሜ ገባ። ወረታ ወርዶ ሩዝ ሊገዛ፣ አንድ የሩዝ መፈተጊያ ባለቤት ዘንድ መቶ ፓውንዱን ዘረጋ። ባለመፈተጊያው ወረቀቷን ወደ ብርሃን አንስቶ፣ አገላብጦ፣ በጣቱ አሽቶ፣ «ወረቀቱስ ጥሩ ነው» አለና መለሰለት።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ሰብሳቢ ለመምህሩ ደወለ፤ ናሙናዋን በደህና ዋጋ ሊገዛ ሊመጣ ነው። ታላቅየው ይህን ሰምቶ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት የወንድሙን ሚስት ወስፌ ለመናት።

«የስፌት ወስፌዬን ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ትንሽ የምበሳው ነገር አለኝ።»

ባሕር ዳር ሄዶ «ስፔሲመን» የሚል ማኅተም አስቀረጸ፤ ቀይ ቀለምም ገዛ። ደጃፉን ዘግቶ እውነተኛውን መቶ ፓውንድ እያነሳ ይበሳል፣ ያትማል፣ ለማድረቅ መደቡ ላይ ያሰጣል። ሐሰተኛ ናሙና የሚሠሩ አጭበርባሪዎች በሌላውም ዓለም አሉ፤ ለወንድሙ እንግዳ ሊሸጥ ግን እውነተኛ ገንዘብ ቀዳዶ የውሸት ለማስመሰል የተጋ ሰው አንበሳሜ ላይ ያ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ሰብሳቢው መጣ። የመምህሩን ናሙናና የታላቅየውን ቁልል ጎን ለጎን አስቀመጠ። የአንደኛው ቀዳዳ በማሽን የተበሳ፣ ክቡ ጥንቅቅ ያለ፤ የሌላው ጠርዙ የተቦጨቀ። ነገር ግን እሱን እንኳ ብዙ አላየውም። ጣቱን መለያ ቁጥሩ ላይ አሳርፎ፣ «አባቴ፣ የእርስዎ ሰባትም አለው፣ ዘጠኝም አለው። የጎደለው ዜሮ ነው» አለው።

ታላቅየው ዕድሜውን ሁሉ ከመቶው ኋላ ዜሮ ሲጨምር የኖረ ሰው ነበርና መልስ አጣ። የተበሱትን ወረቀቶች ከዚያ ወዲያ ጁባም ቢወስዳቸው የሚቀበለው አልነበረም።

መምህሩ ናሙናዋን ሸጠ። ገንዘቡን ለወንድሙ ሰጠው፤ ወንድሙም ከፎገራ ሜዳ ያልተፈተገ ሩዝ በኩንታል ገዝቶ፣ ወረታ አስፈትጎ መሸጥ ጀመረ። አንዳንዱ የአንበሳሜ ሰው «ስንት ዓመት የጠበቃትን ለአጭበርባሪ ብሎ ሸጠ» እያለ መምህሩን ያማዋል። ናሙና የሚሰበስብ ሰው ስስት ከያዘው እሱም ባለሻንጣ ነው፤ መምህሩ ግን ባለሻንጣ አልሆነም። እኔ ትክክል አደረገ ባይ ነኝ።