ያልተመታ ደወል ድምፅ

በድምፅ የሚሠራ ቅርፃቅርፅ አንድ የቆየ ጥያቄ ይቀሰቅሳል። ሐውልት በተተከለበት ይኖራል፤ ድምፅ ግን ገና ሲሰማ ማለፍ ይጀምራል። የሚያልፍ ነገር ቅርፅ ሊኖረው ይችላል?

የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ጊዜ ሲመራመር ይህን ጥያቄ በድምፅ አስረድቷል። ድምፅ እየተሰማ ሳለ ስላላለቀ አይለካም፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ ስለሌለ አይለካም። ስለዚህ ሰው የሚለካው በልቡናው የቀረውን አሻራ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ የተወለደው አርቲስት ቢል ፎንታና ሥራዎቹን «የድምፅ ቅርፃቅርፅ» ብሎ ሲጠራ ወደ ሌላ መልስ ይወስዳል፤ ድምፅ ቅርፁን የሚያገኘው ከቦታ ነው።

ይህ ጎልቶ የወጣው በ1976 በሲድኒ ወደብ፣ ኪሪቢሊ በተባለው ሰፈር ነው። እዚያ የነበረው ተንሳፋፊ የኮንክሪት መድረክ ከወለሉ እስከ ሥሩ የሚዘልቁ ቀዳዳዎች ነበሩት። ማዕበሉ ከሥር መጥቶ ቀዳዳውን ሲደፍነው የታፈነው አየር ይታመቅና እንደ ከበሮ ይመታል። ፎንታና በስምንት ቀዳዳዎች አፍ ላይ ስምንት ማይክሮፎኖች አድርጎ የእያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻ ቀረፀ፤ በኋላም በስምንት ድምፅ ማጉያዎች በአዳራሽ አሰማው። አንዱ ቀዳዳ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ሲመታ፣ ማዕበሉ በመድረኩ ሥር የሄደበት መንገድ በጆሮ ይታወቃል። ርዝመትና ስፋት ያለው ነገር ደግሞ ቅርፅ የለውም ማለት ያስቸግራል።

በ1994 የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኖርማንዲ ዘመቻ 50ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ፎንታና የዚያን ባሕር ዳርቻ ድምፅ በቀጥታ ስርጭት ወደ ፓሪሱ የድል ቅስት አመጣው። የማዕበሉ ጩኸት በሐውልቱ ዙሪያ የሚተራመሱትን መኪኖች ድምፅ ሸፈነው፤ መኪኖቹ እየታዩ የሚሰማው ባሕሩ ሆነ።

ነገሩ ይበልጥ የሚጠልቀው ግን በዚያው በፓሪስ ባለው በኖትር ዳም ካቴድራል ነው። በ2019 ቃጠሎ ማማዎቹና ደወሎቹ ተረፉ፤ በእድሳቱ ዓመታት ግን ደወሎቹ ከጥቂት ጊዜ በቀር አልተደወሉም። ፎንታና በአሥሩም ደወሎች ላይ ጥቃቅን ንዝረት የሚለኩ መሣሪያዎችን ገጠመ፤ በ2022ም ድምፃቸውን ከፖምፒዱ ማዕከል ሰገነት በቀጥታ አሰማ። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውና ኢማኑኤል የተባለው ትልቁ ደወል 13 ቶን ገደማ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ነሐስ እንኳ ሳይመታ ይንቀጠቀጣል። ነፋሱ፣ የመንገዱ ጫጫታ፣ በአካባቢው የሚሰማው ሁሉ በአየር በኩል እየደረሰ ይነካዋል፤ ደወሉም ከዚያ ሁሉ ከክብደቱና ከቅርፁ ጋር የሚስማማውን ብቻ መርጦ ይመልሳል።

በቤተ ክርስቲያን ደወል ጠሪ ነው፤ ሕዝቡን ለጸሎት ይሰበስባል። በዚህ ሥራ ግን አድማጩ እርሱ ራሱ ሆኗል። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ከነፋሱ፣ ከምድር መናወጡና ከእሳቱ በኋላ የመጣውን ትንሽ ድምፅ እንደሰማ ያነበበ ሰው የጉዳዩን ክብደት አይስተውም። መነኮሳት አርምሞ የሚይዙትም በሌላ ድምፅ የተሸፈነውን ለመስማት ነው። ዝምታ የደወሉ ጠባይ ሳይሆን የሰሚው አቅም ወሰን ሊሆን ይችላል፤ ከፎንታና ሥራዎች ሁሉ ይህ ሐሳብ ይበልጣል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ያለ መሣሪያ ማንም የማይሰማው ንዝረት የደወሉ ድምፅ ነው ወይስ የመሣሪያው? መሣሪያው ንዝረቱን አጉልቶ ለጆሮ ያደርሰዋል፤ የትኛው ቃና እንደሚወጣ የሚወስነው ግን ነሐሱ ነው። በዓይን የማይታይን ኮከብ በቴሌስኮፕ ያየ ሰው ያየው ኮከቡን እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም የሚሰማው ደወሉ ነው። የቀራፂው ድርሻ የት እንደሚደመጥና የተደመጠው ወዴት እንደሚወሰድ መምረጥ ነው፤ ድምፁንማ እርሱ አልፈጠረውም።