ያደረሰችን ባዝራ

የእህቴ ልጅ፣

ስለ ባዝራዋ የነገርከኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። አርጅታለች፣ የኋላ እግሯን ታነክሳለች፣ ልጆቹ ዳማውን ፈረስ መጋለብ ለምደዋል፣ የድርቆሽ ዋጋ አይቀመስም፤ ከመቂ የመጣው ደላላ ደግሞ ለጋሪ ሊወስዳት ዋጋ ጠርቷል። ሽማግሌ ሲጠየቅ ዙሪያውን ሄዶ ነው የሚመልሰው ትላላችሁ። እኔ መልሴን አስቀድሜ እነግርሃለሁ፤ አትሽጣት። ምክንያቱን ረጋ ብለህ ስማኝ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ከአባቶች የሰማሁትንም ጣል ጣል አደርግልሃለሁ።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይባላል። ሰው ይህን ተረት የሚያነሳው ፈረሱ ሜዳው ድረስ ይወስድሃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ ፋንታ ነው ለማለት ነው። ለናንተ ቤት የተነገረ ይመስለኛል። ባዝራዋ የድርሻዋን አድርሳለች። ትልቁ ልጅህ ኮርቻ ላይ መቀመጥ የተማረው በሷ ጀርባ ነው። ትንሿ በወንጂ መንገድ ዳር ስትወድቅ ባዝራዋ ያነሳችውን እግር ሳታወርድ ቀጥ ብላ መቆሟን የነገርከኝ አንተው ነህ። ልጅቷ ከጋማዋ ሥር ስታክላት የላይኛው ከንፈሯ እየረዘመ ሲንቀጠቀጥ እኔም አይቻለሁ፤ ፈረስ እንዲህ የሚያደርገው ደስ ሲለው ነው። የልጆቹን ድምፅ ከሩቅ ለይታ ጆሮዋን ታቆማለች። ይህ ፍቅር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ማለዳ ማለዳ ውሃ ስታቀርብላት፣ ሚስትህ ፉርሽካ ስትበጠብጥላት፣ ልጆቹ ሰኮናዋን ሲጠርጉ የተገነባ ነው። እንግዲህ የቀረው ያንተ ፋንታ ነው።

"በሬ ካራጁ ይውላል" የሚባለውንም አስብ። ገመዷን ለደላላው ብታቀብለው አትፈራገጥም፤ አንተን አምና ትከተለዋለች። ወዴት እንደሚወስዳት የምታውቀው አንተ ነህ።

በጋሪ ነጂ ላይ ክፉ ቃል አልናገርም። አዳማ ናዝሬት በምትባልበት ዘመን ከባቡር ጣቢያ ዕቃ ያወጣነው፣ ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት ያደረስነው በጋሪ ነበር፤ ባለ ጋሪውም ልጆቹን ያሳደገው በዚያው ነው። ዛሬ ባጃጅ ከአስፋልቱ እየገፋ ወደ ውስጥ ለውስጥ ሰፈር ቢያስገባውም፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ጋሪ አሁንም ሰውም ውሃም ሲሚንቶም ይጭናል። ግን ፈረሶቹ ከየት እንደሚመጡ ልብ በል። ብዙዎቹ ብርድ ለምደው ያደጉበትን የአርሲንና የባሌን ደጋ ትተው ወደዚህ ስምጥ ሸለቆ የሚወርዱ ናቸው። እዚህ ሙቀቱም፣ አቧራውም፣ ጭነቱም በአንድ ላይ ይጠብቃቸዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በሽታው ነው።

በጋሪ ፈረስ አንገት፣ ደረትና እግር ላይ እብጠት እንደ ዶቃ ተሰድሮ አይተህ ይሆናል። ከቆዳ ሥር ያለውን መስመር ተከትሎ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ መግል ያወጣል። መንስኤው ፈንገስ ነው። በቁስል በኩል ይገባል፤ ዝንብ ያዛምተዋል፤ ከአንዱ ፈረስ ጀርባ ወርዶ ሌላው ላይ የሚጫን ዕቃም ያስተላልፈዋል። ብርዳማው ደጋ ላይ እምብዛም አይታይም፤ የሚመቸው እንደኛ ከተሞች ያለው ሞቃት ወይናደጋ ነው። ገና ሲጀምር ከደረሱበት በአዮዲን ይታከማል፤ ከተስፋፋ በኋላ ግን ማዳኑ ከባድ ነው። የባዝራዋ ቆዳ በዕድሜ ሳስቷል። የጋሪ ዕቃ ሲፈትጋት ወዲያው ትገጣባለች፤ በገጣባውም በሽታው ይገባል። ያኔ የሚገዛት የለም፣ የሚያክማትም የለም። መሥራት ያቃተው የጋሪ ፈረስ ዕጣው ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። መንገድ ላይ ይለቀቃል። አስፋልት መሃል አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ይዞረዋል፤ ሌሊት ጅብ ያገኘዋል። "ወርቅ ላበደረ ጠጠር" የሚባለው ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

አባቶቻችን ፈረስን ከቤተሰብ አሳንሰው አላዩትም። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያሰኛቸው የፈረስ ስማቸው ነው። ንጉሥ እንኳ በፈረሱ ስም ሲጠራ ክብር ነበር። በአዊ ምድር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል፣ የዓድዋን ፈረሶች ውለታ ያስታውሳል። እኛም ዘንድ በኢሬቻ ሰሞን ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ብትወርድ ፈረሰኛው ፈረሱን በመርገፍ አስጊጦ ሲመጣ ታያለህ። ይህ ሁሉ ያኮራኛል። የሚከነክነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በበዓሉ ቀን ያጌጠው ፈረስ በማግስቱ ገጣባውን የሚያይለት ሰው ማጣቱ። ክብሩ እውነተኛ ከሆነ በአዘቦት ቀንም ይታይ።

ስለ ዳማውም ልንገርህ፣ እሱም ነገ ያረጃልና። ልጆቹ ቅዳሜና እሁድ በዴራ በኩል ሲጋልቡ በማለዳ ይውጡ፣ ፀሐይ ሳይከር ይመለሱ። የእኛ አገር ፈረስ አጭርና ቀላል ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከ50 ኪሎ በላይ ለረጅም መንገድ ባይሸከም ይመረጣል። አንተ ደልደል ያልክ ሰው ነህ፤ ልጆቹን ስትሸኝ በእግርህ ሂድ፣ ለጤናህም ይበጅሃል። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ጠዋትና ማታ ከምትከምርለት ጥቂት ጥቂት እያልክ ደጋግመህ ብታበላው የሆድ ቁርጠት በቀላሉ አይነካውም። በሙቀት ቀን ከ20 ሊትር በላይ ውሃ ይፈልጋል። ክረምቱ ሲወጣ ትንኝ ይበዛል፤ በትንኝ የሚተላለፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ጤነኛ የነበረውን በጥቂት ቀን ይጥላል። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ቀድመህ አስከትበው፤ ከምሽት እስከ ንጋትም ጋጣ አስገባው።

ኮርቻ በወረደ ቁጥር ልጆቹ መዳፋቸውን ከትከሻው እስከ ወገቡ ይዳብሱ። የሞቀ ቦታ፣ ያበጠ ቦታ፣ ሲነካ የሚሸሸው ቦታ ካለ ኮርቻው በማግስቱ አይጫን። "ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ" ይባላል። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" የሚለውንም አትርሳ፤ ልጆቹ ይሥሩ፣ አንተ ግን ኋላቸው ሆነህ እይ። ፈረስ ጠባቂ ቀጥሬያለሁና ይበቃል አትበል። ጠባቂው ቁስል ቢያይ ይቆጣኛል ብሎ ሊሸሽግ ይችላል፤ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም"። የነገረህን አመስግነው እንጂ አትቆጣው።

አሁን ወደ ባዝራዋ ልመለስ። ድርቆሹ ተወዷል፣ ቤቱም ጠቧል፤ ይህን አልክድም። ግን "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም"። የሚስትህ ዘመዶች ከኢተያ ወዲያ፣ በአሰላ መንገድ ደጋው ላይ ናቸው። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባዝራዋ ወደተወለደችበት ብርድና ሣር ትመለስ። እንዲያው በነፃ ያዙልኝ አትበላቸው፤ ሣር በሚጠፋበት በበጋ ለድርቆሽ የሚሆን ገንዘብ እየቆረጥክ ላክ። ውላችሁም በሽማግሌ ፊት ይሁን፤ ለጭነት አትወጣም፣ ለውቂያ አትገባም፣ ሳትጠየቅ አትሸጥም። ልጆቹም በዓል በመጣ ቁጥር ይሂዱላት፣ ድምፃቸውን ትስማ።

መቆም ያቃታት ቀን ደግሞ ሐኪም ጥራ። እኛ ዘንድ ነፍሷን አላጠፋም ብሎ ለጅብ መተው የተለመደ ነው፤ እኔ ይህን ርኅራኄ ብዬ አልጠራውም። ሐኪም ያለ ሥቃይ ያሳርፋታል። ይህን ለልጆቹ መንገር ይከብድሃል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ንገራቸው፤ ያለቅሱ ይሆናል፣ አልቅሰውም ይረዱሃል።

ይህን ብቻህን አትወስን። ሚስትህንና ልጆቹን አስቀምጠህ ተመካከሩ፤ በሷ ላይ ያደጉት እነሱ ናቸውና ቃላቸው ይሰማ። ወደ ደጋ ከመውጣቷ በፊት ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አስመርምራት፤ የእግሯ ሕመም ምን እንደሆነ ይታወቅ፣ የሸለቆውን በሽታ ይዛ ወጥታም የሰው ፈረስ እንዳትበክል። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይጨቀይ ውሰዷት።