ሻንጣውን ማን አሰረው?

ልጆቼ፣ ቦሌ አካባቢ የሚኖር ሰው መንገደኛ ሲሸኝ ያረጃል። ከገርጂም ይነሳ ከጎሮ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄደው ሻንጣ ሆዱ አንድ ነው፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ ለአክስት ልጅ የተላከው የሐበሻ ቀሚስ። 23 ኪሎ አለፈ ተብሎ ሚዛኑ ፊት ሲፈታና ሲታሰር ያላየ የለም። እዚያ ግን ከኪሎው የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ «ሻንጣህን ያሰርከው ራስህ ነህ?» ይባላል። የሚጠየቀው ስለ በርበሬው አይደለም፣ ስላሰረው እጅ ነው።

ይህን ያነሳሁት ከእናንተ መካከል ሌሎች ጽፈው በነፃ የለቀቁትን ፕሮግራም ወስዳችሁ፣ ለስልክ እንዲስማማ አድርጋችሁ፣ አሽጋችሁ ለሕዝብ የምታወጡ ስላላችሁ ነው። የፕሮግራሙን ኮድ የፈለገ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ሰው ስልኩ ላይ የሚጭነው ግን እሽጉን ነው፤ በኮዱና በእሽጉ መካከል ያለው እጅ የእናንተ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አበው።

ሲንክቲንግን እንይ። ስዊድናዊው ያኮብ ቦርግ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ፕሮግራም ነው። የስልካችሁን ፋይል ከኮምፒውተራችሁ ጋር ያመሳስላል፤ በመካከል የማንም ኩባንያ ማከማቻ የለም። ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ ድረስ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሳምንታት ያሳለፍን ሰዎች የዚህ ጥቅም አይጠፋንም።

ነገር ግን እንዲህ ያለ አፕ ሥራውን ለመሥራት ፋይሎቻችሁን ሁሉ ልክፈት ይላል። የሰርጉ ፎቶ፣ የመታወቂያው ቅጂ፣ የቤት ኪራይ ውሉ ሁሉ በእጁ ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ይህን ፈቃድ ማጥበቁ፣ ፕሌይ ስቶርም ምክንያቱን አጥብቆ መጠየቁ በራሱ ክፉ አይደለም። ሸክሙ የወደቀው ግን ያለ ደመወዝ በሚሠሩት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 የሲንክቲንግ ዋናው የአንድሮይድ አፕ ቆመ፤ ያዘጋጅ የነበረው ሰው በፕሌይ ስቶር ማውጣቱ አስቸጋሪ መሆኑን፣ ሥራውን የሚያግዝ እጅም መጥፋቱን ተናግሮ ነበር። ሌሎች ከኮዱ የራሳቸውን ቅርንጫፍ አውጥተው ቀጠሉ እንጂ ተጠቃሚው ሁሉ ሜዳ ላይ በቀረ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ሎሚውን ሁሉ ለአንድ ሰው አሸክመን መንገድ ላይ ሲቀር ለምን ደከመ ማለት አይገባንም።

የደከመ ሰው ደግሞ የሚያደባበት አያጣም። ኤክስዚ የሚባል፣ ፋይል የሚጨምቅ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም አለ፤ ጠባቂው አንድ ፈቃደኛ ሰው ነበር። ጂያ ታን በሚል ስም አንድ እንግዳ መጣ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ደህና ሥራ ሠራ፣ ታመነ፣ እሽጉን የማውጣት ሥልጣንም ተሰጠው። ከዚያ መርዙን አስገባ። ልብ በሉ፣ መርዙን የሚቀሰቅሰው ቁራጭ ሁሉም በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ የነበረው በታሸገው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል መሐንዲስ ሰርቨር ላይ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበትና ለምን ብሎ ቢከተለው ተገኘ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምክሬን ስሙኝ። አትቸኩሉ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አስተሻሸጋችሁን ደረጃ በደረጃ ጽፋችሁ አውጡት፣ ሌላውም ከዚያው ኮድ አሽጎ የእናንተንና የእሱን ያስተያየው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ ካልተለያየች ማንም ሊያማችሁ አይችልም። ኤፍድሮይድ የሚባለው የነፃ አፖች መደብር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አፖቹን ራሱ ከኮዱ እየሠራ የሚያወጣው ወዶ አይደለም።

የምትፈርሙበትን ቁልፍ ጠብቁ። አንድሮይድ አዲሱ እሽግ ከቀድሞው ባለቤት መምጣቱን የሚያውቀው በዚያ ነው። በራሳችሁ የያዛችሁት ቁልፍ ከጠፋ ተጠቃሚው አፑን አጥፍቶ እንደገና ከመጫን በቀር መንገድ የለውም፤ ከተሰረቀ ደግሞ ሌባው በስማችሁ ይገባል። ቅጂውን ሁለት ቦታ አኑሩት፤ በቴሌግራም አትላኩት፣ ሁሉም በሚነካካው ላፕቶፕም ላይ አትተዉት።

ብቻችሁንም አትሸከሙ። ስትደክሙ ቀደም ብላችሁ «ደክሞኛል» በሉ፤ ነውር የለበትም። ስትለቁ ሥራውን ስጡኝ ብሎ ለሚያጣድፋችሁ አትስጡ፤ ሥራውን አይታችሁ ለመዘናችሁት ስጡ፣ ለአንድም ሳይሆን ለሁለት። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።

እኛም ተጠቃሚዎቹ ከወቀሳ አናመልጥም። አፕ በዜንደር ከጓደኛ እንቀበላለን፣ ከቴሌግራም ቻናል እናወርዳለን፣ ሞባይል ቤት ሄደን «የሚሆነውን ጫንልኝ» ብለን ስልካችንን እንሰጣለን። የማያውቁትን ሻንጣ ተቀብሎ አውሮፕላን መሳፈር ማለት ይኸው ነው። ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ መልስ ከሌለው ይቅርባችሁ። የታመነውን ስታገኙም ዝም ብላችሁ አትጠቀሙ። ባትሪ ልቆጥብ ብሎ አፑን ከጀርባ በሚዘጋው ስልካችሁ ላይ ሞክሩትና የሆነውን ለሚያሽጉት ሰዎች ንገሯቸው፤ አማርኛው ከጎደለ ተርጉሙላቸው፤ ገንዘብ ያለውም በገንዘቡ ይርዳ።

ስም የሚሰጠው ፕሮግራሙን ለጻፈው ነው፤ ያሸገውን የሚያነሳው የለም። እናንተ ግን ስማችሁ ባይጠራም ያሰራችሁት ሲፈታ የማያሳፍራችሁ ሁኑ። አደራ ከመብላት ይሰውራችሁ፤ ስትደክሙ የሚተካችሁን አያሳጣችሁ።