ሁለታችንም ሳናውቅ የተዘጋ በር

የምኖረው ቁስቋም ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የጎረቤቴ ልጅ ለሥራ ውድድር የሚያቀርበውን የምስክርነት ደብዳቤ እንድጽፍለት ጠየቀኝ፤ ዝርዝሩን በኢሜይል እንደሚልክልኝም ተስማማን። ቀኑ አለፈ። መንገድ ላይ ሳገኘው «ምነው ዝም አልህ?» ብለው «ጋሼ፣ ልኬልዎት ነበር እኮ» አለኝ። አላመንሁትም። ይባስ ብዬ ለእናቱ «የዛሬ ልጅ ስንፍናውን በኮምፒውተር ያሳብባል» አልኋት።

ከሁለት ወር በኋላ መልእክቱን አገኘሁት። ቀኑና ሰዓቱ በግልጽ ሠፍሮበታል። ለመሆኑ ማን ደበቀው? እኔው ራሴ! ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው የልመና መልእክት ቢያሰለቸኝ፣ «እርዳታ» የሚል ቃል ያለበት ሁሉ ወደ አንድ የተለየ ማኅደር እንዲገባ አዝዤ ነበር። ማዘዜንም ረስቼዋለሁ። ልጁ ደግሞ በትሕትና «እርዳታዎን ፈልጌ ነበር» ብሎ ነው የጀመረው።

ውድ አንባብያን፣ ማጣሪያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ የኮምፒውተር ሻጭ ለ400 ያህል ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ከላከ ወዲህ ጎርፉ አልቆመም፤ አጭበርባሪውም በዝቷል። ከእኔ ትእዛዝ ሌላ ማሽኑ ራሱ የሚያጣራበት መንገድ አለ። ይህ ቃል በስንት መጥፎ፣ በስንትስ ደኅና መልእክት ውስጥ ተገኘ ብሎ አስልቶ ይገምታል። የስሌቱ መሠረት ቶማስ ቤይዝ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ጽሑፉ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1763 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ፍርስራሹን ዕለት ዕለት የማየውን የቁስቋም ቤተ መንግሥት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ገና በሕይወት ነበሩ።

በዚያ ዘመን ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠና ነበር። አጋፋሪው ቢከለክለው መከልከሉን ያውቃል፤ ነገ ተመልሶ ይመጣል፤ «አቤት!» ብሎ ይጮኻል። ጌታውም ሲወጣ ሲገባ ከደጁ የቆመውን ያያል። የእኔ አጋፋሪ ግን ድምፅ የለውም። ልጁ የገባ መስሎት ይጠብቃል፤ እኔ ማንም ያልመጣ መስሎኝ እቀመጣለሁ። የማጣሪያውን ዝምታ የልጁ ውሸት አድርጌ ተረጎምሁት። ዲናችን ከመጥፎ ጥርጣሬ ተጠንቀቁ ሲለን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ!

በጂሜይል ወደ ስፓም የገባ መልእክት ከ30 ቀን በኋላ በራሱ ይደመሰሳል። የልጁ መልእክት እዚያ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ማስረጃ ነበረው? ዕድሜ ልኬን ውሸታም እንዳልሁት እኖር ነበር።

አንድ ወዳጄ «ኒያህ ክፉ አልነበረም፤ ማሽኑ ነው» ሲል አጽናናኝ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሬን የሚጠብቅልኝ ሎሌ ብቀጥርና እንግዳ ቢመልስብኝ «ሎሌው ነው» ብዬ እገላገላለሁን? ሎሌው እንኳ ቢጠየቅ ይመልስ ነበር። የሰው ሐቅ በኒያ ብቻ አይወራረድም። መለየቱን ለማሽን መስጠት ይቻላል፤ አማናው ግን እኔው ዘንድ ይቀራል።

ትእዛዙን ሰርዤዋለሁ። ሐሙስ ማታ ማታ ስፓሙንም እከፍታለሁ፤ አብዛኛው ቆሻሻ ነው፤ ጊዜ ይፈጃል፤ ያናድዳልም። ልጁን ይቅርታ ጠይቄው አፉ ብሎኛል። እናቱ ዘንድ ግን ገና አልሄድሁም።