ፊሽካውም አማና ነው

 

ለዒደል ፊጥር ቤተሰብ ልጠይቅ ወደ ትውልድ አገሬ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። በዒዱ ማግስት ከዐስር ሶላት በኋላ ከአጎቴ ጋር በእግር ስንንሸራሸር የሁለት ሰፈር ታዳጊዎች ኳስ ሲጫወቱ ደረስን። ትልቁ ልጅ ከ15 ዓመት የሚበልጥ አይመስልም። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንዱ ልጅ ከመስመር የወጣችውን ኳስ በእጁ ወረወረ፤ ከተከላካዮቹ ጀርባ ብቻውን የቆመው ጓደኛው ተቀብሎ አገባት። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ጎሉን አጸደቀ።

ጎል የገባበት ቡድን አሰልጣኝ "ኦፍሳይድ ነው! ሌባ!" እያለ ሜዳ ገባ። ዳኛው በከተማው የሚያስተምር ወጣት ነው አሉኝ። አልሸሸም፣ አልጮኸምም። ሰውዬው እስኪጨርስ አዳመጠውና "ወንድሜ፣ ከእጅ ውርወራ በቀጥታ በመጣ ኳስ ኦፍሳይድ የለም" አለው። ሕጉ የሚለውም ይህንኑ ነው። አሰልጣኙ ግን "ልጆች፣ ውጡ!" ብሎ ቡድኑን ከሜዳ አስወጣ። ዳኛው ቢጫ ካርድ አሳይቶት ዝም ብሎ ቆመ። በስንት የሽማግሌ ልመና ልጆቹ ተመልሰው ጨዋታው አለቀ።

እኔን ያስደነገጠኝ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጫማውን አንጠልጥሎ እየሄደ ለጓደኛው "ዳኛው ተገዝቷል" አለው። ማን ገዛው? በስንት ገዛው? ልጁ አያውቅም። ከታላቁ የሰማውን ነው የደገመው። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ሳይማር ሰው ያለ ማስረጃ መወንጀልን ተማረ።

ለመሆኑ አሰልጣኝ ዳኛን መጠየቅ አይችልም ማለት ነው? ይችላል። ነገር ግን ክርክር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዳኛው በዓይኑ ባየው ነገር ላይ ነው፦ ኳሷ መስመሩን አልፋለች ወይስ አላለፈችም? በዚህ የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ሁለተኛው በሕጉ አተረጓጎም ላይ ነው። እዚህ ላይ በጨዋ ደንብ መጠየቅና ከጨዋታው በኋላ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ዳኛውም ቢሆን መሳሳቱን ከተረዳ ጨዋታው ዳግም ሳይጀመር ውሳኔውን ማረም ይችላል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከአደብ የወጣ አሰልጣኝ ራሱ ቢጫና ቀይ ካርድ ያያል።

ዳኛ ሰው ነውና ይሳሳታል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እውነቱን ለማግኘት ደክሞ ለፈረደና ለተሳካለት ዳኛ ሁለት ምንዳ፣ ደክሞ ለተሳሳተውም አንድ ምንዳ እንዳለው አስተምረዋል። አላህ (ሱ.ወ.) ምንዳ የጻፈለትን ሰው እኛ ሌባ የምንለው በምን ሥልጣናችን ነው? በዳኛውም ላይ ግዴታ አለበት። በቁጣ ውስጥ ሆኖ መፍረድ ተከልክሏል። ዐሊይ (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲላኩም የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ ታዘዋል። ሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ የሰዎች ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቃል። የሰደበው አሰልጣኝ ቡድን በሚቀጥለው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ቢገባው ዳኛው ሊነፍገው አይችልም። ፊሽካው አማና ነውና።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ዕድሜዬ 17 ሆኖ ሳለ ከ15 ዓመት በታች ለሆኑት ቡድን ተሰለፍኩ። የተጋጣሚያችን አሰልጣኝ ተቃወመ። የእኛው አሰልጣኝ አንደበተ ርቱዕ ነበርና ዳኛውን አሳመነው። ዳኛው ግን አልረካም፤ ወደ እኔ ዞሮ "ልጄ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?" አለኝ። "አሥራ አራት" አልኩ። አሸነፍን። ሽልማቴ አንድ ደብተር ነበር። ተሸናፊዎቹ ልጆች ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ ዛሬም ይታየኛል።

ከዓመታት በኋላ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ሐዲስ ተማርኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እሳቸውም ሰው እንደሆኑ፣ ከተሟጋቾች አንዱ በአነጋገሩ ሊበልጥ እንደሚችል፣ በሰሙት መሠረት የወንድሙን ሐቅ የፈረዱለት ሰው ግን የወሰደው የእሳት ቁራጭ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ያን ደብተር አስታወስኩት። ዳኛው ተታልሎ ቢፈርድልኝም፣ ፍርዱ የዋሸሁትን ሐላል አላደረገልኝም። ዛሬ ፊፋ ከ17 ዓመት በታች በሆኑ ውድድሮች የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም አር አይ ያስመረምራል። በመካነ ሰላም ሜዳ ግን ያለው ማሽን የአሰልጣኙና የልጁ ኢማን ብቻ ነው።

ነገሩ የልጆች ጨዋታ ነው ብለን አንናቀው። በ2010 ዓ.ም. የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ እስከ መቋረጥ የደረሰው ጎል ሆነ አልሆነም በሚል ንትርክ ዳኛ ሜዳ ላይ በመደብደቡ ነበር። የደበደቡት ትልልቅ ሰዎች አንድ ቀን ጫማቸውን አንጠልጥለው የታላላቆቻቸውን ቃል የሚደግሙ ልጆች ነበሩ።

አባቶቻችን "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" ይሉ ነበር። በመንገድ የሚያልፈውን እንግዳ እንኳ ዳኛ አድርገው አስቀምጠው በፊቱ የሚሟገቱ፣ ፍርዱንም የሚያከብሩ ሕዝቦች ልጆች ነን። ወላጆች ሆይ! አሰልጣኞች ሆይ! በሚቀጥለው ጨዋታ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ሕጉን አውቀዋለሁ ወይ? የምከራከርለትስ እውነት መሆኑን ልቤ ያውቃል ወይ? ሁለተኛውን አዎን ማለት ካልቻልን፣ ጎሉ ይቅርብን።

ወላሁ አዕለም።